ለረጅም የባሕር ጉዞ የትንሽ መርከብ ኩባንያ እንዴት ይመረጣል?

ነጋዴ ባሕርን የሚያውቀው በጭነቱ በኩል ነው። ቡናው፣ ሰሊጡና ቆዳው በየትኛው መርከብ እንደ ተጫነ፣ ጨርቁና መለዋወጫው በየትኛው ወደብ እንደ ደረሰ ሲከታተል ይኖራል፤ እርሱ ራሱ ግን መንገደኛ ሆኖ አንድ ሌሊት እንኳ በመርከብ ላይ ሳያድር ዕድሜው ይገፋል። ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ ሥራውን ለልጆቹ አስረክቦ፣ ወይም ለጥቂት ወራት ለሸሪኩ አደራ ሰጥቶ፣ ዓለምን ከባሕር ላይ ሆኖ ለማየት የሚያስብ ሰው ቢገኝ የሚያስደስት እንጂ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ አሳብ ላላቸው አንባቢዎቻችን በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው፣ መንገደኞቻቸው ጥቂት፣ ምቾታቸው ግን ከፍ ያለ መርከቦችን ስለሚያሠማሩ ኩባንያዎች ነው። ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ወር ጉዞ የሚጠየቀው ገንዘብ አንድ ሱቅ ከነዕቃው ሊያስገዛ የሚችል ነው። ይህም ገንዘብ በሙሉ ወይም በከፊል የሚከፈለው መርከቡ ከመነሣቱ ከብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከመዝናናት አስቀድሞ የውልና የቀብድ ጉዳይ ይሆናል። ነጋዴ ዕቃ ሲያስመጣ ዕለት ዕለት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለራሱ ጉዞ ቢያደርገው፣ በሥዕል ከተዋበው የማስታወቂያ መጽሐፍ ይልቅ እርሱ የተሻለ መሪ ይሆንለታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

«ትንሽ» ሲባል ምን ያህል ነው?

በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦቭ ዘ ሲዝ» የተባለችው ግዙፍ መርከብ በየክፍሉ ሁለት ሰው ሲታሰብ 5,610 መንገደኞች ትይዛለች። ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ትንንሽ የሚባሉት እርስ በርሳቸውም የተለያዩ ናቸው። የሲድሪም ኩባንያ ሁለት መርከቦች እያንዳንዳቸው 112 ሰው ብቻ ይይዛሉ። ሲልቨርሲ የተባለው ኩባንያ በ1994 ሥራ የጀመረባት «ሲልቨር ክላውድ» ስትሠራ ለ296 ሰው ታስባ ነበር፤ በ2023 የወጣችው «ሲልቨር ኖቫ» ግን 728 ትይዛለች። «ሲቦርን ኤንኮር» 600 ያህል፣ የኦሽንያ ኩባንያ «ኢንሲግንያ» 670 ያህል፣ «ቫይኪንግ ስታር» ደግሞ 930 መንገደኞች ያሳፍራሉ። እንግዲህ «ትንሽ መርከብ» የሚለው ስም ከመቶ እስከ ሺህ ሰው ድረስ የሚዘረጋ ስለ ሆነ፣ ገዢው ቍጥሩን መጠየቅ ይገባዋል።

ከመንገደኛው ቍጥር ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ መለኪያ አለ፤ ይኸውም የመርከቡ ግሮስ ቶን ነው። ግሮስ ቶን ክብደትን የሚገልጽ አይደለም፤ የመርከቡን የውስጥ ይዞታ የሚለካ ነው። ይህን ቍጥር ለመንገደኞቹ ቍጥር ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፍራ ይታወቃል። «ሲልቨር ኖቫ» 54,700 ግሮስ ቶን ስለ ሆነች ለአንድ መንገደኛ 75 ይደርሰዋል። «ቫይኪንግ ስታር» 51 ያህል ትሰጣለች። «ኢንሲግንያ» በ30,277 ግሮስ ቶኗ 45 ያህል ስትሰጥ፣ ከላይ ያነሣናት ግዙፍ መርከብ በ248,663 ግሮስ ቶን 44 ትሰጣለች። ከዚህ እንደምንረዳው መርከብ ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ሰፊ ስፍራ ይሰጣል ማለት አይቻልም። ጥቂት ሰው ማለት ጸጥታ፣ ፈጣን አገልግሎትና አጭር ሰልፍ ነው፤ ስፋት ግን በሒሳብ የሚረጋገጥ ሌላ ነገር ነው።

የትንሽ መርከብ ዋና ጥቅም በወደቡ በኩል ይታያል። በፔሎፖኔስ ምድር የተቈፈረውና በ1893 የተከፈተው የቆሮንቶስ ቦይ ከታች 21 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ ታላላቆቹ መርከቦች አያልፉበትም። በቬኒስም ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ25,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ወደ ጥንታዊቱ ከተማ መካከል በሚወስደው የውሃ መንገድ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በዚህ ልክ ብንሄድ ከላይ ከጠራናቸው መርከቦች ብዙዎቹ፣ «ትንሽ» ቢባሉም፣ ከክልከላው አያመልጡም። በአንታርክቲካም በአስጐብኚዎቹ ማኅበር ደንብ መሠረት ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ሰው ወደ ምድር አያወርድም፤ ከዚያ በታች የያዘውም ቢሆን በአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አያወርድም። ስለዚህ 400 ሰው የያዘ መርከብ መንገደኞቹን በየተራ ሲያወርድ፣ 100 የያዘው ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያወርዳል።

ጕዳቱንም አለመሸሸግ ይገባል። ትንሽ መርከብ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ከታላቁ ይልቅ ይናወጣል፤ የምግብ አዳራሾቹ፣ ትርኢቱና ሱቆቹም ጥቂት ናቸው። በባሕር ሕመም የሚሠቃይ ሰው ረጅሙን ጉዞ ከመግዛቱ በፊት በሰባት ወይም በዐሥር ቀን ጉዞ ራሱን መፈተን ይበጀዋል። ናሙና ሳያዩ ሙሉ ጭነት ማዘዝ ለነጋዴ የሚመከር አይደለምና።

ዋጋውና በውስጡ ያለው

አስመጪዎች የኤፍ. ኦ. ቢ. እና የሲ. አይ. ኤፍ. ዋጋን ጎን ለጎን አስቀምጠው ርካሹን በቍጥሩ ብቻ አይመርጡም፤ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ጨምረው ሒሳቡን ካስተካከሉ በኋላ ያመዛዝናሉ። የመርከብ ጉዞ ዋጋም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ክፍሉንና ምግቡን ብቻ ሸጦ የቀረውን ሁሉ በየቀኑ ያስከፍላል፤ ሌላው ደግሞ መጠጡን፣ የሠራተኞቹን ጉርሻና ኢንተርኔቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ያቀርባል። ሪጀንት ሰቨን ሲዝ በየወደቡ የሚደረገውን ጉብኝት ጭምር በዋጋው ውስጥ በማስገባት የታወቀ ነው። ቫይኪንግ በየወደቡ አንድ ጉብኝትና በምሳና በእራት ጊዜ ወይንና ቢራ ያካትታል፤ በመደበኛው ጉዞ ላይ ጉርሻው ለብቻው ይታሰባል። ሲቦርንና ሲልቨርሲ መጠጡንና ጉርሻውን በዋጋው ውስጥ ይጠቀልላሉ።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ቍጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ወስደን እንመልከት። አንዱ ኩባንያ ለ100 ቀን ጉዞ በቀን 400 ዶላር፣ በድምሩ 40,000 ዶላር ጠየቀ እንበል። በዚህ ላይ ለጉርሻ 1,800፣ ለመጠጥ 6,000፣ ለኢንተርኔት 2,000፣ በ40 ወደቦች ለሚደረግ ጉብኝት 4,800፣ ለልብስ አጠባ 600፣ ለአውሮፕላን 2,500 ዶላር ቢጨመር ድምሩ 57,700 ይሆናል። ሁለተኛው ኩባንያ ሁሉን ጠቅልሎ በቀን 550 ዶላር፣ ማለትም 55,000 ቢጠይቅ፣ ውድ መስሎ የታየው በ2,700 ዶላር ረክሶ ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ያው ሒሳብ ለሌላ ሰው ሊገለበጥ ይችላል። መጠጥ የማይቀምስና ከወደብ ወርዶ በገዛ እግሩ ገበያውን ማየት የሚወድ ነጋዴ ለመጠጡም ለጉብኝቱም ስለማይከፍል በመጀመሪያው መርከብ ላይ ወጪው ወደ 46,900 ዝቅ ይልለታል፤ ሁለተኛውን ቢመርጥ ለማይጠቀምበት ነገር 8,100 ዶላር ያህል አባከነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሻለው ዋጋ የትኛው እንደ ሆነ የሚወስነው የገዢው ጠባይና ልማድ ነው።

ለብቻው የሚጓዝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል። የሚነገረው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ሲያድር ለአንዱ የሚከፈለው ነው። አንድ ሰው ክፍሉን ለብቻው ሲይዝ ጭማሪ ይጠየቃል፤ ጭማሪውም አንዳንድ ጊዜ የሁለት ሰው ሙሉ ዋጋ እስከ መሆን ይደርሳል።

መቶ ቀን በአንድ ቤት

የዐሥር ቀን ጉዞ እንግድነት ነው፤ የመቶ ወይም የመቶ ሰማንያ ቀን ጉዞ ግን መኖር ነው። ኦሽንያ በ2015 «ኢንሲግንያ»ን ለ180 ቀን ጉዞ ሲያሠማራ፣ ቫይኪንግ ደግሞ በ2019 245 ቀን የሚፈጅ ጉዞ አስጀምሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውስጥ በአጭር ጉዞ የማይታሰቡት ትንንሽ ነገሮች ይገዝፋሉ፤ የልብስ ማስቀመጫው ስፋት፣ የአጠባው አገልግሎት፣ የመጻሕፍቱ ብዛት፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ጠባይና የሚነገረው ቋንቋ ሁሉ የዕለት ኑሮ ይሆናሉ።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የጉዞው ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ የወደቦቹን ስም ከመቍጠር ይልቅ መርከቡ በባሕር ላይ ብቻ የሚውልባቸውን ቀናትና በየወደቡ የሚቈይባቸውን ሰዓታት መቍጠር ይሻላል። ሰላማዊ ውቅያኖስን የሚያቋርጥ መርከብ ምድር ሳያይ ቀናትን ያሳልፋል፤ ይህም ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ግን እስራት ይሆንበታል። ጧት ገብቶ ከቀትር በኋላ የሚወጣ መርከብ ብዙ ከተማ ቢያስቈጥርም የሚያሳየው ጥቂት ነው። ረጅሙን ጉዞ በሙሉ ለመግዛት የማይፈልግም ሰው ኩባንያዎቹ ጉዞውን ከፋፍለው ስለሚሸጡ ከአንድ ወደብ እስከ ሌላው ያለውን ክፍል ብቻ ሊወስድ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምግብ ነው። ዓለምን የሚዞሩት ጉዞዎች ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ ተጀምረው እስከ ሜይ ስለሚዘልቁ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በመካከል ይውላሉ። የሚጾም መንገደኛ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል የሌለበትን ምግብ በየቀኑ የሚያገኝ መሆኑን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በአውሮፓ አነጋገር «ቬጋን» የሚባለው ምግብ ከጾም ምግብ ጋር ይስማማል። ሙስሊም የሆነውም መንገደኛ ሐላል ሥጋ የሚቀርብለት መሆኑን እንዲሁ አስቀድሞ ያስረግጥ። ወጥ ቤቱ ዕቃ የሚጭነው በወደብ ብቻ ነውና፣ ያልታዘዘ ነገር በውቅያኖስ መካከል አይገኝም።

ሦስተኛው የኩባንያው ጠባይ ነው። ኦሽንያ በምግቡ ይታወቃል። ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አያሳፍርም፤ በመርከቦቹም ላይ ቍማር ቤት የለም። ፖናን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2021 በረዶ የምትሰብር «ለ ኮማንዳን ሻርኮ» የተባለች መርከብ አውጥቶ ወደ ዋልታዎቹ ይጓዛል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ለራሱ የሚስማማውን መምረጥ የተጓዡ ፈንታ ነው፤ ለሁሉ የሚበልጥ አንድ ኩባንያ የለም።

ቀብዱ በማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለጉዞ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ያለ መያዣ የተሰጠ ብድር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ኩባንያው ከከሰረ መንገደኛው ከነዳጅ ሻጩና ከባንኩ ጋር ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ይሰለፋል።

ይህም የደረሰ ነገር ነው። ሬኔሳንስ የተባለው ኩባንያ ስምንት ተመሳሳይ መርከቦች አሠርቶ ሲያሠራ ከቈየ በኋላ በሴፕቴምበር 2001 ከሰረ። መርከቦቹ ለሌሎች ኩባንያዎች ተላለፉ፤ ዛሬ «ኢንሲግንያ» የምትባለውም ከእነርሱ አንዷ ናት። መርከብ ባለቤቷ ቢከስርም መልካም መርከብ ሆና ትቀራለች፤ ስለዚህ የመርከቢቱ ውበት ስለ ባለቤቷ አቅም ምንም አይመሰክርም።

በጃንዋሪ 2022 የደረሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ክሪስታል የተባለው ኩባንያ በምቾቱ ከሁሉ አስቀድመው ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ባለቤቱ ጄንቲንግ ሆንግ ኮንግ በዕዳ ሲወድቅ፣ ባልተከፈለ የነዳጅ ሒሳብ ምክንያት የአሜሪካ ፍርድ ቤት «ክሪስታል ሲምፎኒ» በማያሚ እንድትያዝ አዘዘ። መርከቢቱም ወደ ማያሚ መግባቷን ትታ ወደ ባሃማስ ደሴቶች ዞረች፤ መንገደኞቹ ከዚያ በሌላ ጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰዱ። የሁለተኛዋ መርከብ የ«ክሪስታል ሰረኒቲ» ጉዞም ሳይፈጸም ተቋረጠ፤ በሚቀጥለው ወር ሁለቱም በባሃማስ ተያዙ። በዚያው ዓመት አዲስ ባለቤት ስሙንና መርከቦቹን ገዝቶ በ2023 ሥራ አስጀመራቸው። ስሙ ያው፣ መርከቦቹም እነዚያው ቢሆኑ ባለዕዳው ግን ሌላ መሆኑን ገዢ ሊያስተውል ይገባል።

በ2023 ደግሞ «ላይፍ አት ሲ» በተባለ ስም ሦስት ዓመት የሚፈጅ ጉዞ ተሸጦ ነበር። ጉዞው በኖቬምበር ከኢስታንቡል ሊነሣ ሲጠበቅ፣ ኩባንያው የታሰበችውን መርከብ መግዛት ስላልቻለ ጉዞው ተሰረዘ፤ መርከቢቱንም ሌላ ኩባንያ ገዛት። ገዢዎቹ ገና በሻጩ እጅ ባልገባ መርከብ ላይ ቀብድ ከፍለው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ባለቤቱን ማወቅ ነው። ሲቦርን የካርኒቫል፣ ሲልቨርሲ የሮያል ካሪቢያን፣ ሪጀንትና ኦሽንያ የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ሆልዲንግስ ናቸው፤ በ2023 የተጀመረው ኤክስፕሎራ ጆርኒስ ደግሞ ጭነት አስመጪዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት የኤም. ኤስ. ሲ. ነው። ታላቅ ባለቤት መኖሩ የአቅም ምልክት ነው፤ የጄንቲንግ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ቀጥሎም ሕጉ ምን እንደሚጠብቅ መጠየቅ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከአገሪቱ ወደቦች መንገደኛ አሳፍረው የሚነሡ፣ 50ና ከዚያ በላይ መኝታ ያላቸው መርከቦች ጉዞው ባይፈጸም ለመንገደኞች መክፈያ የሚሆን ዋስትና እንዲያስይዙ ያዝዛል፤ ዋስትናው ግን ጣሪያ አለው። በአውሮፓ ኅብረትም በ2015 የወጣው መመሪያ ጥቅል ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች ቢከስሩ የገዢው ገንዘብ የሚመለስበትን ዋስትና እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ከእነዚህ አገሮች ውጭ በወኪል በኩል የሚገዛ ሰው ይህ ጥበቃ ላይደርሰው ስለሚችል «ኩባንያው ቢከስር ገንዘቤን የሚመልስልኝ ማን ነው?» ብሎ ስሙን በጽሑፍ ይቀበል። ክፍያውም ለወኪል በጥሬ ገንዘብ ከሚሰጥ ይልቅ በባንክ ካርድ ቢሆን፣ አገልግሎቱ በቀረ ጊዜ በባንኩ በኩል ለመከራከር መንገድ ይከፍታል። የቀብዱ መጠን እንዲያንስና ቀሪው ወደ መነሻው ቀን ተጠግቶ እንዲከፈል መጠየቅም ነውር የለውም።

ውሉ ምን ይላል?

ቢል ኦፍ ሌዲንግን ከጀርባው ያላነበበ ነጋዴ ጭነቱ በጠፋ ጊዜ እንደሚቸገር ሁሉ፣ የጉዞ ውሉን ያላነበበ መንገደኛም እንዲሁ ይቸገራል። በውሉ ውስጥ ኩባንያው ወደብ የመለወጥ፣ የመሰረዝና መንገዱን የማዞር መብት አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ ያስቀራል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲያጠቁ የዕቃችን መንገድ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ የረዘመብንና ማጓጓዣው የተወደደብን አንረሳውም። በዚያው ጊዜ ዓለምን ከሚዞሩት የመንገደኛ መርከቦችም ብዙዎቹ የስዊዝን መንገድ ትተው በአፍሪካ ዙሪያ ሄደዋል። ስዊዝንና ግብፅን አያለሁ ብሎ የከፈለ መንገደኛ በውሉ መሠረት ሌላ ወደብ ሲያይ ተመልሷል።

መርከቢቱ ራሷ ልትለወጥም ትችላለች። ሲቦርን «ኦዲሲ» የተባለችውን መርከቡን ለጃፓኑ ሚትሱይ ኦ. ኤስ. ኬ. ሸጦ፣ መርከቢቱ በ2024 መጨረሻ «ሚትሱይ ኦሽን ፉጂ» ተብላ ሥራ ጀምራለች። ስለዚህ መርከቢቱ ብትሸጥ ወይም ጉዞው ቢሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ ነው ወይስ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ወረቀት ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ በውሉ መገኘት አለበት።

ስለ ጕዳትም ዓለም አቀፍ ልክ አለ። በ1974 የተፈረመው የአቴና ስምምነት በ2002 ተሻሽሎ በ2014 የጸና ሲሆን፣ ስምምነቱን በተቀበሉት አገሮች ሕግ መሠረት መርከብ በመስጠሙ፣ በመጋጨቱ ወይም በመቃጠሉ ለሞተ ወይም ለተጐዳ መንገደኛ የአጓጓዡ ኀላፊነት እስከ 400,000 ኤስ. ዲ. አር. ይደርሳል፤ ይህም የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ ላለ ሻንጣ ግን ልኩ 2,250 ብቻ ነው። ወርቅና ጌጣጌጥም ለመርከቡ አስተዳደር በአደራ ካልተሰጠ ኀላፊነት የለበትም።

የቀሩት ወረቀቶች

ቪዛ የተጓዡ ዕዳ ነው። ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ከወደብ ሲመለስ ገንዘቡ እንደማይመለስ በውሉ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ከፒሬዎስ ተነሥቶ ወደ ቱርክ ወደብ ሄዶ እንደ ገና ወደ ሮዶስ የሚመለስ መርከብ መንገደኛውን ከሸንገን አገሮች አስወጥቶ እንደ ገና ያስገባዋልና፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ አይበቃውም። በመርከቡ ላይ ሐኪም ቢኖርም ሕክምናው በገንዘብ ነው፤ ከባሕር መካከል በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል መወሰድ ደግሞ እጅግ ከባድ ወጪ ስለሚያስከትል፣ ሕመምን፣ ሕሙምን ማጓጓዝንና የኩባንያውን መክሰር ጭምር የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይገቡ መነሣት አይገባም።

ሲጠቃለል፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ ሊያገኙ ይገባል።

1ኛ/ መርከቡ ስንት ሰው ይይዛል? ለአንዱ የሚደርሰውስ ስፍራ ምን ያህል ነው?
2ኛ/ በዋጋው ውስጥ ምን አለ፤ ምንስ የለም?
3ኛ/ በባሕር ላይ ብቻ የሚዋልባቸው ቀናት ስንት ናቸው? በየወደቡስ ስንት ሰዓት ይቈያል?
4ኛ/ ባለቤቱ ማን ነው? መርከቡ ዛሬ በእጁ ነውን?
5ኛ/ ኩባንያው ቢከስር ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው?
6ኛ/ መንገዱ ወይም መርከቡ ቢለወጥ ምን ይመለሳል?
7ኛ/ ቪዛውና ኢንሹራንሱ ለሁሉም ወደብ የተሟላ ነውን?

ለእነዚህ በግልጽ የሚመልስ ኩባንያ፣ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ሊነገድበት የሚገባ ነው። መልሱን የሚያድበሰብስ ወኪል ሲገጥም ግን ነጋዴ በገበያ እንደሚያደርገው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።